የዊልት ቻምበርሌን 100 ነጥብ ይታመናል ወይ? ቁጥሩን አብረን እንደምረው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመውና ልቀጥል። ያልከው ይሄ ነው፦ የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋች የነበረው ዊልት ቻምበርሌን ለብቻው 100 ነጥብ ያስቆጠረበት ጨዋታ ቪዲዮ የለውም፣ ያለን 100 ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የተነሳው ፎቶና የጨዋታው ስታት (የቁጥር መዝገብ) ነው፣ ታዲያ ይሄ ስታት ይታመናል ወይ፣ ከታመነስ ኮቢ ብራያንት በ2006 በአንድ ጨዋታ ካስቆጠረው 81 ጋር ስናስተያየው የቱ ይበልጣል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ስኮር ሺት የምሞላ፣ ጨዋታ ሲያልቅም ስታት የማወጣ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን የማየው በዛ በኩል ነው። መልሴ አዎ ይታመናል ነው፤ ቦክስ ስኮር፣ ማለትም የየተጫዋቹና የየቡድኑ ቁጥር የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ፣ በደንብ ከተያዘ ራሱን በራሱ ያስመረምራል፣ የዚህን ጨዋታ ደሞ ብዕር ይዘህ አንተ ራስህ ልትመረምረው ትችላለህ።

ጨዋታው ማርች 2 ቀን 1962 ነው፣ በኛ የካቲት 23 ቀን 1954፣ አርብ ማታ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሄርሺ የምትባል የቸኮሌት ፋብሪካ ያቆማት ትንሽ ከተማ። ፊላደልፊያ ዋሪየርስ ኒውዮርክ ኒክስን 169 ለ 147 አሸነፈ። እነዚህ ዋሪየርሶች የዛሬዎቹ ጎልደን ስቴት ናቸው፣ በዛው ዓመት ሲዝኑ ሲያልቅ ነው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሄዱት። ተመልካቹ 4,124 ሰው ነበር። ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ያኔ ኤንቢኤ በሲዝን ማለቂያ ላይ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚደረግን ጨዋታ ካሜራ ተክሎ የሚቀርጽ ሰው አልነበረውም፣ ስለዚህ የቪዲዮው አለመኖር ለብቻው ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም፣ የዛን ዘመን አብዛኛው ጨዋታ ቪዲዮ የለውም እኮ።

አሁን ወደ ድምሩ። አንድ ቦክስ ስኮር በሶስት መንገድ ተደምሮ አንድ ቁጥር ላይ መድረስ አለበት፣ በተጫዋች፣ በሹት (ወደ ቀለበት በተወረወረው ኳስ) እና በኳርተር (ጨዋታው በሚከፈልባቸው አራት የ12 ደቂቃ ክፍሎች)። ልክ እንደ ዕቁብ ደብተር ነው፣ የከፈለውና የወጣው ካልተገናኘ የሆነ ቦታ ችግር አለ ማለት ነው። የዋሪየርስን በተጫዋች እንጀምር፦ ቻምበርሌን 100፣ አል አትልስ 17፣ ፖል አሪዚን 16፣ ቶም ሜሸሪ 16፣ ጋይ ሮጀርስ 11፣ ዮርክ ላሪስ 9፣ ሌሎቹ ሶስቱ ኤድ ኮንሊን፣ ጆ ሩክሊክና ቴድ ሉከንቢል ዜሮ ዜሮ። ደምረው፣ 169። በሹት ስንሄድ ቡድኑ ከሜዳ 115 ሞክሮ 63 አገባ፣ ፍሪ ስሮው (በፋውል የሚሰጥ፣ አንድ ነጥብ የሚያስገኝ ነጻ ውርወራ) 52 አግኝቶ 43 አገባ፣ ሶስት ነጥብ የሚባል ነገር ኤንቢኤ ውስጥ የገባው በ1979 ስለሆነ ሁሉም የሜዳ ሹት ሁለት ሁለት ነው፣ 63 ሲባዛ በ2 126፣ ሲደመር 43፣ መልሱ 169። በኳርተር ደሞ 42፣ 37፣ 46፣ 44፣ እሱም 169። ኒክስም እንደዛው ነው፣ ሪቺ ጌሪን 39፣ ክሊቭላንድ በክነር 33፣ ዊሊ ኖልስ 31፣ ዴቭ በድ 13፣ ዶኒ ቡቸር 10፣ አል በትለር 8፣ ዳረል ኢምሆፍ 7፣ ጆኒ ግሪን 6፣ ይሄ 147 ይመጣል፣ ከሜዳ ከ118 ሹት 57 እና ከ41 ፍሪ ስሮው 33 ስትደምርም 147፣ ኳርተሩ 26፣ 42፣ 38 እና 41 ሆኖ አሁንም 147።

ይሄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ጠረጴዛ ላይ ያልተቀመጠ ሰው አይገባው ይሆናል። አንድ ሰው 100 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ በሁለቱ ቡድን 233 የሜዳ ሹት ሲሞከር፣ 93 ፍሪ ስሮው ሲመታ፣ ህዝቡ እየጮኸ፣ ሁሉንም በእጅ እየጻፍክ መጨረሻ ላይ አንድም ነጥብ ሳይጠፋ ማስማማት ትልቅ ሙያ ነው። ይሄን የሰራው ሃርቬይ ፖላክ የሚባል ሰው ነው፣ ከኤንቢኤ የመጀመሪያ ሲዝን ከ1946 ጀምሮ ለፊላደልፊያ ቡድኖች ሲሰራ ኖሮ በ2015 እስኪሞት ድረስ ከስታት አልወጣም። በዛች ማታ የቡድኑ የህዝብ ግንኙነትም፣ የስታት ኃላፊም፣ ለጋዜጣና ለዜና ወኪሎች ዘገባ የሚልከውም እሱ ነበር። ያ ፎቶ ላይ የምታየውን 100 በእጁ የጻፈው ራሱ ፖላክ ነው፣ ፎቶውን ያነሳው ደሞ ጨዋታ ለማየት የመጣ የአሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶግራፈር ፖል ቫቲስ ነው። ከዛ ውጪ የአራተኛው ኳርተር የሬድዮ ድምፅ አለ፣ ቢል ካምቤል ሲያስተላልፍ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪም በብሔራዊ የድምፅ ቅርስነት መዝግቦታል። ስለዚህ "ወረቀትና ፎቶ ብቻ" ያልከው ትንሽ ተጓደለ፣ ድምፁን ፈልገህ ስማው፣ 100ኛዋ ስትገባ አዳራሹ ምን እንደሚሆን ትሰማለህ።

እሺ፣ እውነት ነው ካልን የዊልትን መስመር እንየው፣ ለኔ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። 48 ደቂቃ ሙሉ ተጫወተ፣ አንዴም አልወጣም። ከሜዳ 63 ሞክሮ 36 አገባ፣ ፍሪ ስሮው 32 መትቶ 28 አገባ፣ 25 ሪባውንድ (የተሳተ ኳስ መያዝ)፣ 2 አሲስት (ነጥብ የሆነች ኳስ ማቀበል)፣ 2 ፋውል። በኳርተር ስትከፍለው አንደኛው ላይ 23፣ ሁለተኛው 18፣ ሶስተኛው 28፣ አራተኛው 31 ነው። ሹቱን በየኳርተሩ ሂድበት፦ ከ14 ሰባት፣ ከ12 ሰባት፣ ከ16 አስር፣ ከ21 አስራ ሁለት። ፍሪ ስሮውስ? መጀመሪያው ኳርተር 9 ከ9፣ ከዛ 4 ከ5፣ ከዛ 8 ከ8፣ መጨረሻ 7 ከ10።

እነዚህን የፍሪ ስሮው ቁጥሮች ደግመህ እያቸው። በሶስት ኳርተር ውስጥ 22 መትቶ የሳተው አንድ ብቻ ነው። ማን? ዊልት! በሙያ ዘመኑ በሙሉ ፍሪ ስሮው ላይ 51 በመቶ የነበረ ሰው፣ ሰው ሁሉ ፍሪ ስሮው አይችልም እያለ የሚያማው። በዛ ሲዝን ከታች ወደ ላይ በሁለት እጁ እየወረወረ ነበር የሚመታው፣ አያቶቻችን ኳስ ሲወረውሩ እንደሚመስለው ዓይነት፣ አጠቃላይ የሲዝኑ ውጤትም 61.3 በመቶ ነበር፣ እሱም ራሱ ከሌሎቹ ዓመታቱ የተሻለው ነው። ያን ቀን ግን 87.5 በመቶ ሆነ።

ቆይ አንድ ስሌት እንስራ፣ ይሄ ለጥያቄህ ዋናው ነው ብዬ አስባለሁ። የዛን ሲዝን ዊልት ከሜዳ 50.6 በመቶ ነበር የሚያገባው። ያን ማታ ያገኘውን የሹት ብዛት ሳንነካ፣ እንደ ሌላው ቀኑ ቢመታ ኖሮ ስንት ያስቆጥር ነበር? ከ63 ሹት 32 ገደማ ይገባል፣ 64 ነጥብ። ከ32 ፍሪ ስሮው ደሞ 20 ገደማ። ድምር 84። እንግዲህ 84ቱን የሰጠው ብዛቱ ነው፣ ማለትም ኳሱ ያለማቋረጥ ለሱ መሰጠቱ። የቀረው 16 ነጥብ ያን ቀን እጁ ስለሞቀ የመጣ ነው፣ እሱም እኩል ለእኩል ይከፈላል፣ 8ቱ ከሜዳ 8ቱ ከፍሪ ስሮው። ሰው ስለ 100 ሲያወራ የሚገርመው ቁመቱ ነው፣ 2 ሜትር ከ16፣ ዳንክ ምናምን፤ ስታቱ ግን የሚነግርህ ያቺ ከ84 ወደ 100 ያለች መንገድ ግማሿ በፍሪ ስሮው መስመር ላይ እንደተሄደች ነው፣ እዛ ጋ ደሞ ቁመት ምንም አይሰራም። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ነው "ከአጭሮች ጋር ስለተጫወተ ነው" ብሎ የሚያልፈው።

በነገራችን ላይ 84 ራሱ ለሱ የማይታሰብ አልነበረም። በዛው ሲዝን ዲሴምበር 8 ቀን 1961 ሌከርስ ላይ 78 አስቆጥሯል ሶስት ጊዜ በተራዘመ ጨዋታ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1962 ደሞ ቺካጎ ፓከርስ ላይ ያለ ጭማሪ ሰዓት 73። የሲዝኑ አማካይ 50.4 ነጥብና 25.7 ሪባውንድ ነው፣ 45 ጨዋታ ላይ 50 እና ከዛ በላይ አስቆጥሯል። በየጨዋታው በአማካይ ከሜዳ 39 ተኩል ሹት እና 17 ፍሪ ስሮው ነበረው፣ ስለዚህ 63 እና 32 የመጣው አስቀድሞ በጣም ብዙ ከነበረ ነገር ላይ ነው። ከሰማይ ዱብ ያለ ቁጥር አይደለም፣ እየቀረበ እየቀረበ የመጣ ነው።

ስለ ጨዋታው ፍጥነት ደሞ እናውራ፣ ምክንያቱም ዋሪየርስ 115፣ ኒክስ 118 ሹት መሞከራቸውን አይቶ "ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ልምምድ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ዛሬ አንድ ቡድን በጨዋታ 90 ገደማ ነው የሚሞክረው። ግን በ1961-62 ሲዝን የሊጉ አማካይ ራሱ በቡድን 107.7 ሹት ነበር፣ አማካይ ነጥብም 118.8። ሁሉም ይሮጣል፣ ኳስ ይዞ የሚቆም የለም፣ ሹቱ ቶሎ ይወረወራል፣ ብዙ ይሳታል፣ በሊግ ደረጃ የሚገባው 42.6 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሄርሺ ላይ የሹቱ ብዛት ከተለመደው ብዙም አልራቀም፣ የራቀው የገባው ነው። ዋሪየርስ ወደ 55 በመቶ፣ ኒክስ ወደ 48 በመቶ። ሁለቱም ቡድን ከሊጉ አማካይ በጣም በላይ ሲሆን ይሄ የሚያሳየው ዲፌንሱ በሁለቱም በኩል ልል እንደነበረ ነው፣ እሱን አልክድህም። ኒክስ በዛ ሲዝን 29 አሸንፎ 51 የተሸነፈ፣ የምስራቁ መጨረሻ የነበረ ቡድን ነው።

እዚህ ጋ አንድ ማነጻጸሪያ ልጨምርልህ። በኤንቢኤ ታሪክ ከፍተኛ ነጥብ የተቆጠረበት ጨዋታ ዲሴምበር 13 ቀን 1983 ዴንቨር ላይ ዲትሮይት ፒስተንስ ዴንቨር ናጌትስን 186 ለ 184 ያሸነፈበት ነው፣ ድምሩ 370። ግን ያ ሶስት ጊዜ ተራዝሞ ነው፣ መደበኛው 48 ደቂቃ ሲያልቅ 145 ለ 145 ነበሩ፣ 290 ማለት ነው። የሄርሺው በ48 ደቂቃ ብቻ 316። ከዚህ ተነስተህ ያን ማታ ምን ዓይነት ሩጫ እንደነበረ ገምት።

አራተኛው ኳርተር ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል። ዊልት ወደ መጨረሻው 12 ደቂቃ ሲገባ 69 ነበረው። አስተዋዋቂው ዴቭ ዚንኮፍ በየሹቱ የዊልትን ነጥብ እየጠራ ስለነበር ህዝቡም ተጫዋቹም ቁጥሩን ያውቅ ነበር። ከዛ በኋላ ጨዋታው መልኩን ቀየረ፣ ኒክሶች ኳሱ ዊልት ጋ እንዳይደርስ ሌሎቹን ዋሪየርሶች ፋውል ማድረግ ጀመሩ፣ ዋሪየርስ ደሞ ሰዓት እንዳይቃጠልባቸውና ኳሱ ቶሎ እንዲመለስላቸው ኒክሶችን ፋውል አደረጉ። ይሄ ወሬ ነው ብለህ እንዳታልፈው፣ ቦክስ ስኮሩ ላይ አሻራው አለ። የጋይ ሮጀርስን መስመር ተመልከት፦ ከሜዳ 4 ሞክሮ 1 ብቻ ያገባ ጋርድ፣ ፍሪ ስሮው 12 አግኝቶ 9 አገባ። ቀለበት ላይ የማይመታ፣ 20 አሲስት ያቀበለ ሰው 12 ፍሪ ስሮው ከየት አመጣ? ኳሱን ይዞ የሚወጣው እሱ ስለሆነ ነው የተያዘው። የዋሪየርስ 44 ነጥብ በዛ ኳርተር ውስጥ 31ዱ የዊልት ነው፣ ከ21 ሹት፣ 21 ሹት በ12 ደቂቃ! አንዳንድ ኮከብ ዛሬ በሙሉ ጨዋታ የሚሞክረው ነው።

100ኛዋ የገባችው 46 ሰኮንድ ሲቀር ነው። ዊልት መጀመሪያ ሳተ፣ ሉከንቢል ሪባውንዱን ይዞ ለሩክሊክ ሰጠ፣ ሩክሊክ ለዊልት፣ ገባ። ህዝቡ ሜዳውን ወረረው። አሁን ወደ ሰንጠረዡ ተመለስና የሩክሊክን መስመር እይ፣ ከሜዳ አንድ ሞክሮ ዜሮ፣ ፍሪ ስሮው ሁለት ሞክሮ ዜሮ፣ ነጥብ ዜሮ። ከዚያ ሁሉ ዜሮ አጠገብ ያለችው አንዷ አሲስት ግን በቅርጫት ኳስ ታሪክ በጣም ከታወቁት አሲስቶች አንዷ ናት። ስታት ስለምወድ የምወደው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አል አትልስንም ማለፍ አልችልም። ከሜዳ 8 ሞክሮ 8 አገባ፣ ፍሪ ስሮው 1 ከ1። አንድም አልሳተም፣ በህይወቱ ፍጹም የሆነ ጨዋታ ተጫውቶ ያን ቀን ማንም አላየውም። በኒክስ በኩልም ሶስት ሰው ከ30 በላይ አስቆጥሯል፣ በክነር እኮ ጀማሪ ተጫዋች ነው፣ ከ26 ሹት 16 አግብቶ 33፣ በሌላ ማታ ቢሆን የጋዜጣ ርዕስ ይሆን ነበር።

ስለ ዳረል ኢምሆፍ ደሞ ፍትሃዊ እንሁን። የኒክስ መደበኛ ሴንተር (ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅሙ ሰው) ፊል ጆርደን በህመም አልተሰለፈም፣ ስለዚህ ኢምሆፍ ገባ፣ 20 ደቂቃ ተጫውቶ በ6 ፋውል ወጣ። ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ "100 የገባበት ሰውዬ" ይለዋል፣ ቁጥሩን ካየህ ግን 28 ደቂቃው ላይ እሱ ሜዳ ውስጥ አልነበረም፣ በቁመት ከሱ ያነሱት እነ በክነርና በድ ናቸው ዊልትን የያዙት። ኢምሆፍ በ1960 ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ በኋላም ኦል ስታር የሆነ ተጫዋች ነው። ደሞ ከሁለት ቀን በኋላ ማርች 4 ሁለቱ ቡድኖች ኒውዮርክ ላይ ሲገናኙ ዊልት 58 ነው ያስቆጠረው፣ የኢምሆፍም መያዝ ህዝቡን አስነስቶ አስጨብጭቧል። 58 ነጥብ ለገባበት ሰው ዊልትን በደንብ ያዘው ተብሎ የተጨበጨበበት ሲዝን ነው እንግዲህ።

ከዚህ ቦክስ ስኮር የማታገኘውን ልንገርህ፣ ብሎክና ስቲል አትፈልግ፣ ኤንቢኤ እነሱን መመዝገብ የጀመረው በ1973-74 ነው፣ ተርን ኦቨር በተጫዋች የተመዘገበው ደሞ ከዛም በኋላ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ አንዳንዱ "የዊልት ሬቲንግ በዛ ጨዋታ ይሄን ያህል ነበር" ብሎ የዘመኑን ስሌት ሲያመጣልህ ከየት እንዳመጣው ጠይቀው፣ ግማሹ ግብዓት የለም።

አሁን ኮቢ። ጃንዋሪ 22 ቀን 2006፣ ሌከርስ ቶሮንቶን 122 ለ 104፣ ኮቢ 42 ደቂቃ ተጫውቶ ከሜዳ ከ46 28፣ ከነዛ ውስጥ ሶስት ነጥብ ከ13 ሰባት፣ ፍሪ ስሮው ከ20 አስራ ስምንት። የሹቱንም የፍሪ ስሮውንም ዋጋ አንድ ላይ የሚያየውን ትሩ ሹቲንግ ስንሰራ ዊልት 64.9 በመቶ ይመጣል፣ ኮቢ 73.9። ከቡድኑ ነጥብ ዊልት 59 በመቶ ያስቆጠረ ሲሆን ኮቢ 66 በመቶ። በደቂቃ ስታካፍል ዊልት 2.08፣ ኮቢ 1.93። በሁለተኛው አጋማሽ ዊልት 59፣ ኮቢ 55፣ እዚህ ላይ ይቀራረባሉ። ልዩነቱ ያለው ጨዋታው ምን ላይ እንደነበረ ነው፣ እረፍት ላይ ዋሪየርስ 79 ለ 68 ይመሩ ነበር፣ ሌከርስ ግን 63 ለ 49 ተመርተው ነው የገቡት፣ ኮቢ ያችን 55 ባያስቆጥር ቡድኑ ይሸነፍ ነበር፣ የዊልት የመጨረሻ ነጥቦች ግን ለማሸነፍ አላስፈለጉም፣ ለቁጥሩ ነው የተፈለጉት፣ ጓደኞቹም ሆን ብለው ነው ያቀበሉት።

ስለዚህ የቱ የተሻለ አጨዋወት ነው ካልከኝ የኮቢ ነው እላለሁ። የቱን ለመድረስ ይከብዳል ካልከኝ ደሞ ያለ ጥርጥር የዊልትን፣ ምክንያቱም ዛሬ አንድ ቡድን በጠቅላላው 90 ሹት በሚሞክርበት ጨዋታ ለአንድ ሰው 63 የሚሰጥ አሰልጣኝ የለም። ሶስት ነጥብ መንገዱን ያሳጥራል፣ እሱ እውነት ነው፣ ከ63 ባነሰ ሹት 100 መድረስ በስሌት ይቻላል፤ ኮቢ ራሱ በዛ ማታ ፍጥነቱ ሙሉ 48 ደቂቃ ተጫውቶ ቢሆን ወደ 93 ገደማ ላይ ነበር የሚያቆመው።